ጅቡቲ፤ ሸክም ከወረደ በኋላ ስለሚንቀጠቀጥ እጅ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በባቡር ወደ ጅቡቲ የሚወርድ መንገደኛ መጀመሪያ ካፖርቱን፣ አዋሽን ሲሻገር ኮቱን፣ ድሬዳዋን ሲያልፍ ደግሞ ክራባቱን እያወለቀ ይሄድና፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው በናጋድ ጣቢያ ሲደርስ በሸሚዝ ብቻ ቀርቶ ይወርዳል። ይህ ለቀልድ የተባለ አይደለም። ከሁለት ሺሕ ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ ተነሥቶ ከባሕር ጠለል ጋር እኩል ወደ ሆነ ስፍራ የሚወርድ ሰው አየሩ ራሱ እንደ ሸክም ከትከሻው ላይ ሲቀመጥበት ይሰማዋል።

የዛሬው የኤሌክትሪክ ባቡር መደበኛ አገልግሎቱን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። አባቶቻችን የሚያውቁት የቀድሞው ሐዲድ ግን እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ በኩል መሠራት ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰ ሲሆን ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ከተማይቱ ያደገችው በዚህ ሐዲድና በመርከቧ ነው። ባሕር ውስጥ ገብቶ በቆመ ልሳነ ምድር ላይ ተቀምጣ ሳለ፤ በነጭ ኖራ የተቀቡት በረንዳ ያላቸው የቀድሞ ሕንፃዎቿ ፀሐይዋን እየመለሱ ዓይን ያጥበረብራሉ። መካከለኛው አደባባይ በነጻነት ቀን ስም ሰኔ 27 ቀን 1977 ተብሎ የተሰየመ ቢሆንም (ሰኔ ያልሁት የፈረንጆቹን ጁን ነው)፤ የቀድሞ ስሙ የምኒልክ አደባባይ ስለ ነበረ ዛሬም በዚያው የሚጠራው ሰው ብዙ ነው። ከዚያ ትንሽ እልፍ ሲሉ እ.ኤ.አ. በ1906 የተሠራው የሐሙዲ መስጊድ ሚናሬት ከገበያው በላይ ቀጥ ብሎ ይታያል።

እኔ ወደዚያ የወረድሁት ለሽርሽር ሳይሆን፤ ለአገራችን ገበሬዎች ስለሚመጣው የማዳበሪያ ጭነት ጉዳይ ተልኬ ነበር። ስለዚህ ከተማይቱን ያየኋት በእንግዳ ዓይን ሳይሆን በጆንያ ቆጣሪ ዓይን ነው ለማለት ይቻላል። የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ አብዛኛው ክፍል በዚህ በር የሚገባና የሚወጣ ስለ ሆነ፤ ወደቡን ያላየ የመንግሥት ሠራተኛ በገበያችን ላይ ያለው ስንዴና ማዳበሪያ በስንት ሰው ትከሻ እንዳለፈ ሊገምት አይችልም።

ማዳበሪያው በመርከብ የሚመጣው ሳይታሸግ እንደ አሸዋ ተከምሮ ነው። ከመርከቡ ሆድ በማሽን ይዛቅና በወደቡ ላይ ሃምሳ ሃምሳ ኪሎ እየተመዘነ በጆንያ ይከተታል፤ አፉም ይሰፋል። እስከዚህ ድረስ ያለውን ማሽን ይሠራዋል። ከዚያ በኋላ ግን ጆንያውን ከመኪና ላይ የሚደረድረው፣ በመጋዘንም የሚከምረው የሰው ክንድ ነው። እስቲ አንባቢ ከእኔ ጋር ያስላ፤ አርባ ቶን የሚጭን አንድ ተሳቢ መኪና ስምንት መቶ ጆንያ ይይዛል። ስምንት ሰዎች ቢያካፍሉት ለእያንዳንዱ መቶ ጆንያ፣ ማለት አምስት ቶን ይደርሰዋል። ይህም አንድ መኪና ብቻ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ በጅቡቲ የቀኑ ሙቀት ከአርባ ዲግሪ በላይ ማለፉ የተለመደ በመሆኑ፤ ጫኝና አውራጆቹ በተቻላቸው መጠን ሥራቸውን በሌሊትና በማለዳ ለመጨረስ ይጣደፋሉ።

መኪናው ሞልቶ ሸራው ሲታሰር፤ ሰዎቹ በጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ያን ጊዜ በቅርብ ሆኖ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያያል። ሃምሳ ኪሎ ያለ ችግር ከትከሻው ላይ ያሳረፈው ጎልማሳ አሁን የውሃ ጣሳ ሲያነሣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ውሃው በአገጩ ላይ ይፈስሳል። ጭኑም በሱሪው ውስጥ ከራሱ ፈቃድ ውጭ እየዘለለ ሲንቀሳቀስ ይታያል። እርሱም አይደነቅበትም፤ ጣሳውን በሁለት እጁ ይይዛል።

አማርኛ ለሚማር ሰው ይህ መልካም አጋጣሚ ነው፤ ቋንቋው ለዚህ ነገር አንድ ስም ብቻ የሰጠው አይደለምና። መንቀጥቀጥ አጠቃላዩ ቃል ነው፤ ለመሬትም ለሰውም ይነገራል። ብርድ ወይም የወባ ትኩሳት የያዘው ሰው ይንዘፈዘፋል። የፈራና የተደናገጠ ሰው ይርበተበታል። ጉልበቱ አልሸከም ያለው ሰው ይብረከረካል። የዓይን ሽፋንና ትንሽ የሥጋ ክፍል ደግሞ ይርገበገባል። እኔ በተወለድሁበት በትግርኛም ምንቅጥቃጥ ስለምንል የመጀመሪያው ቃል አላስቸገረኝም፤ ብርኪ ማለት በትግርኛ፣ ብርክ ማለትም በግዕዝ ጉልበት በመሆኑ አማርኛው ተንበረከከ ሲል ሰውነት የታጠፈበትን ስፍራ ወዲያው አወቅሁት፤ ተብረከረከ ሲባልም ጆሮዬ ወደዚያው ጉልበት ወሰደኝ። እነዚህን ቃላት ለይቶ ማወቅ ለአነጋገር ማማር ብቻ የሚጠቅም አይደለም። አንዱን በሌላው ስፍራ ያስቀመጠ ሰው ሌላውን ሰው ሊበድል ይችላል፤ ይህንንም በዓይኔ አይቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሁለተኛው ቀን ከወደቡ ውጭ ባለ አንድ መጋዘን፤ የቀን ሠራተኞች ሒሳባቸውን ለመቀበል ተሰልፈው ነበር። ገንዘብ ከፋዩ መዝገቡን ዘርግቶ እያንዳንዱን ያስፈርማል፤ ፊርማውንም ከመታወቂያ ወረቀት ጋር ያስተያያል። ተራው ከወሎ ለመጣ፣ ዕድሜው ሃያ ዓመት ገደማ ለሚሆን ልጅ ደረሰ። ልጁ ብዕሩን ጨብጦ ሊጽፍ ሲሞክር ብዕሩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ወጋ፤ የወጣውም መሥመር ዶሮ የጫረችው ይመስል ነበር።

ከፋዩ ቀና ብሎ፣ «ይህ ያንተ ፊርማ አይደለም፤ የማንን መታወቂያ ይዘህ ነው የመጣኸው?» አለው።

«ጌታዬ፣ የራሴ ነው። እጄ ነው እንጂ እምቢ ያለኝ።»

«ታዲያ ካልዋሸህ ምን ያርበተብትሃል?»

እነሆ አንባቢ፣ ቃሉ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ይንቀጠቀጥ ነበር እንጂ አይርበተበትም ነበር። ከኋላው የቆሙት ጠና ያሉ ሸካሚ ግን ነገሩን ስለሚያውቁት ወደ ፊት ራመድ ብለው፣ «ልጄ፣ እስቲ ብዕሩን ለእኔም ስጠኝ» አሉና በቁራጭ ወረቀት ላይ ስማቸውን ጻፉ። የእርሳቸውም እንደ ልጁ ሆነ። ቀጥለውም ወደ ልጁ ዘወር ብለው፣ «ሂድ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጥተህ ተመለስ» አሉት። ልጁም «እሺ አያ» ብሎ ሄደ። ከፋዩ ደስ ባይለውም ገንዘቡን በፖስታ አድርጎ ለብቻው አስቀመጠው። ከአርባ ደቂቃ ያህል በኋላ ልጁ ተመልሶ ፈረመ፤ ፊርማውም ከመታወቂያው ጋር ያለ ጥርጥር አንድ ሆነ። የመጀመሪያው በመሥመር ተሰርዞ በመዝገቡ ላይ ቀርቷል። የዚያ ልጅ የአንድ ሌሊት ድካም ሊቀር የነበረው በአንድ ያልታወቀ የሰውነት ጠባይ ምክንያት ነበርና፤ በየመሥሪያ ቤቱ በፊርማና በመልክ ሰውን የምንመዝን ሁሉ የዚህን ጠባይ ምክንያት ብናውቀው የሚጠቅመን ይመስለኛል።

ጡንቻ እንደ ገመድ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደ ነው። ክሮቹ በየራሳቸው ፈቃድ አይሠሩም፤ ከኅብለ ሰረሰር የሚወጣ እያንዳንዱ የነርቭ ክር የራሱ የሆኑ የጡንቻ ክሮች አሉት፤ ትእዛዝ ሲልክ እነዚያ ብቻ ይኮማተራሉ። አንድ ጡንቻ እንዲህ ያሉ ብዙ ቡድኖች አሉት። ሰውየው ባልደከመ ጊዜ ቡድኖቹ የሚሠሩት እየተፈራረቁ ነው፤ አንዱ ሲኮማተር ሌላው ይላላል። በደቦ የሚያጭዱ ሰዎች ሁሉም ማጭዳቸውን በአንድ ጊዜ ቢያነሡና በአንድ ጊዜ ቢያወርዱ ሥራው ግፍትር ግፍትር ይል ነበር፤ አንዱ ሲያነሣ ሌላው ስለሚያወርድ ግን አጨዳው እንደ ወራጅ ውሃ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። የጤነኛ ክንድ እንቅስቃሴ ለስላሳ ሆኖ የሚታየንም በዚሁ ምክንያት ነው።

ድካም ሲመጣ ከቡድኖቹ አንዳንዶቹ ይዝላሉ፤ ትእዛዙም በቶሎ በቶሎ መድረሱን ይቀንሳል። ሸክሙ ግን አልቀነሰም። ስለዚህ አንጎል ሌሎችን፣ ይልቁንም ትልልቆቹን ቡድኖች ይጠራል። እነዚህ ደግሞ ኃይላቸው ብዙ ቢሆንም ቶሎ የሚደክሙ ናቸው። የቀሩት ጥቂቶች ስለ ሆኑ መፈራረቁ ይቀርና ብዙዎቹ በአንድነት መሳብ ይጀምራሉ፤ ክንዱም ከፍ ዝቅ ይላል። በዚህ ላይ በጡንቻው ውስጥ ርዝመቱን የሚለኩ ስሜት ተቀባዮች አሉና ክንዱ ዝቅ ሲል ለኅብለ ሰረሰር ያስታውቃሉ፤ ከዚያም «ሳብ» የሚል ትእዛዝ ይመለሳል። መልእክቱ ሄዶ እስኪመለስ ጥቂት ጊዜ ያልፋልና ትእዛዙ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ክንዱም ከሚገባው በላይ ይነሣል፤ እንደ ገና ዝቅ ይላል። መሪውን አብዝቶ የሚያዞር ጀማሪ ሹፌር መኪናውን ግራና ቀኝ እንደሚያወዛውዘው ማለት ነው።

እንዲያውም መንቀጥቀጥ በድካም ጊዜ ብቻ የሚመጣ እንግዳ አይደለም። በእያንዳንዳችን እጅ ላይ ሁልጊዜ አለ፤ በሴኮንድ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ ያህል ይንቀሳቀሳል፤ ነገር ግን እጅግ ትንሽ በመሆኑ አናየውም። የተጠራጠረ ሰው እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ በጣቶቹ ጀርባ ላይ አንድ ቀጭን ወረቀት ያስቀምጥ፤ የወረቀቱ ጫፍ ሲርገበገብ ያየዋል። ድካም የሚያደርገው ይህንኑ ማጉላት ነው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን፤ የረበሸ ተማሪ ሁለት እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ እንዲቆም ይደረግ ነበር። ምንም ሳይሸከም የራሱን እጅ ክብደት ብቻ ይዞ ቆሞ ሳለ፤ ጥቂት ደቂቃ ሳያልፍ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ጓደኞቹም ይስቁበታል። መምህራችን ይህን የጸጸት ምልክት አድርገው ሳይቆጥሩት አልቀሩም። ነገሩ ግን ከጸጸት ጋር የሚያገናኘው የለም፤ ሳይንቀሳቀስ ተወጥሮ የቆየ ጡንቻ ራሱ የደም ሥሮቹን ስለሚጫን የሚደርሰው ደም ይቀንሳልና ቶሎ ይደክማል።

ድካምን በመሣሪያ ለመለካት ከደከሙት ሊቃውንት መካከል የቱሪኑ ጣሊያናዊ አንጀሎ ሞሶ ይገኝበታል። ኤርጎግራፍ በሚባል መሣሪያ አንድ ሰው በመካከለኛው ጣቱ ብቻ ሚዛን ደጋግሞ እንዲያነሣ እያደረገ፤ የሚያነሣው ከፍታ ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚቀንስ በወረቀት ላይ አስመዘገበ። ስለ ድካም የጻፈውንም መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1891 አሳተመ። ከዚያ በኋላ የመጡት እንግሊዛዊው አርችባልድ ሂልና ጀርመናዊው ኦቶ ማየርሆፍ ጡንቻ ሙቀትንና ላክቲክ አሲድን እንዴት እንደሚያስገኝ መርምረው የ1922ን የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ከዚህ የተነሣ ለብዙ ዘመን የድካሙ ሁሉ ጥፋተኛ ላክቲክ አሲድ ነው ሲባል ኖረ፤ ዛሬም በየስፖርቱ ሜዳ ይኸው ይነገራል። የኋለኛው ምርመራ ግን ይህን አላጸናውም፤ ጡንቻ ላክቲክ አሲዱን መልሶ እንደ ማገዶ ይጠቀምበታል። አሁን ይበልጥ የሚጠረጠረው በሥራ ጊዜ በጡንቻው ክር ውስጥ የሚጠራቀመው ፎስፌትና፤ ክሩን ለመኮማተር የሚቀሰቅሰው ካልሲየም እንደ ልቡ አለመለቀቁ ነው። አንጎልና ኅብለ ሰረሰርም በበኩላቸው ትእዛዛቸውን ያዳክማሉ።

ጫኝና አውራጆቹ አንድ ሌላ ነገር ነገሩኝ፤ ጆንያ ይዞ ወደ መኪና ከመውጣት ይልቅ ከቁልሉ ላይ ይዞ መውረድ ጉልበት ያብረከርካል አሉኝ። መጀመሪያ የተጋነነ መሰለኝ። ኋላ ግን እንጦጦን ወጥቶ የወረደ ሰው ሁሉ ምስክር መሆኑን አሰብሁ። በመውጣት ጊዜ ልብ ይመታል፣ ትንፋሽም ያጥራል፤ ጭን የሚንቀጠቀጠው ግን ከመውረድ በኋላ ነው። በመውረድ ጊዜ የጭን ጡንቻ የሚሠራው እያጠረ ሳይሆን እየተለጠጠ ነው፤ እንደ ፍሬን ሆኖ ሰውነትን ይይዛል። ይህ ዓይነት ሥራ የጡንቻውን ክሮች ይበልጥ ይጎዳቸዋል፤ በማግሥቱና በሦስተኛው ቀን ደረጃ ለመውረድ ግድግዳ የሚያስይዘን ሕመም የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ያልለመደው ሰው ይብስበታል፤ የለመደው ግን ይቀልለዋል።

ስለ ሻዩ ደግሞ እንመለስ። ሽማግሌው ስኳር የበዛበት ሻይ ያዘዙት ያለ ነገር አይደለም። በጡንቻና በጉበት ውስጥ የተከማቸው ስኳር፣ ማለት ግላይኮጅን የሚባለው፣ በረጅም ሥራ ያልቃል። ልጁ ሌሊቱን ሁሉ ሲሸከም ያደረው እራቱን በቅጡ ሳይበላ ነበር። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ሲያንስ ሰውነት አድሬናሊን ያወጣል፤ ይህም እጅን ያንቀጠቅጣል፣ ላብ ያስወጣል፣ ልብንም ያስመታል። እንግዲህ የልጁ እጅ ከሁለት ወገን ሳይነቀነቅ አልቀረም፤ አንደኛው ከራሱ ከጡንቻው ድካም፣ ሁለተኛው ከረኃቡ። ስኳሩ ለሁለተኛው መድኃኒት ሲሆን፤ ለመጀመሪያው ግን ያዳነው ዕረፍቱ ነው።

በጅቡቲ ሦስተኛ ምክንያትም አይጠፋም። እኩለ ቀን ሲሆን ከሐረርጌ የመጣው ጫት ከተማ ይገባል። መንገዱ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነቃና፤ ሴቶቹ ሻጮች በጠረጴዛዎቻቸው ላይ እርጥብ ጆንያ አልብሰው ያስቀምጡታል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ከተማው ጸጥ ይላል። ጫት በሰውነት ላይ የሚሠራው አድሬናሊን ወደሚሠራበት መንገድ የቀረበ ነው። ድካምን ያስረሳል እንጂ አያጠፋውም። የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋል። ደክሞት እየተንቀጠቀጠ ያለ ሰው ምግቡን ትቶ ጫት ቢይዝ፤ መንቀጥቀጡን አያቆመውም፤ ሊያብሰው ግን ይችላል። ብዙ ቡናም እንዲሁ ነው፤ በዚህ ነገር ቡና ወዳዱን የአገሬን ሰው ብቻ ነጻ ላወጣው አልችልም።

ከሁሉ ይልቅ አስጊው ግን ሙቀቱ ነው። በበጋው ወራት ኸምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ከምድረ በዳው ሲነፍስ፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ ከባሕሩ የሚመጣው እርጥበት ላቡ እንዳይደርቅ ሲከለክል፣ በከባድ ሥራ ላይ ያለ ሰው በሰዓት ከአንድ ሊትር የሚበልጥ ላብ ሊያወጣ ይችላል። ከላቡም ጋር ጨው ይወጣል፤ ሸሚዙ ሲደርቅ በጀርባው ላይ ነጭ ካርታ የሚሣለው እርሱ ነው። ውሃ ብቻ አብዝቶ መጠጣት ጨውን አይተካም። በቤት ውስጥ ሊዘጋጅ የሚችለውና ለተቅማጥ ሕመምተኞች የሚሰጠው መጠጥ እዚህም ይረዳል፤ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ልክ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ተሟሙቶ ይጠጣል። መጠኑን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ጨው ቢበዛ ይጎዳል።

የድካም መንቀጥቀጥ የሚታወቅበት ምልክት ቀላል ነው። በሠራው የሰውነት ክፍል ላይ ይታያል፤ ሰውየው አእምሮው ንቁ ነው፣ ይናገራል፣ ይስቃል፤ ካረፈና ከበላ በኋላም በደቂቃዎች ወይም በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ነገር ግን የሚንቀጠቀጠው ሰው ንግግሩ ቢቃወስ፣ የት እንዳለ ቢጠፋበት፣ አካሄዱ እንደ ሰካራም ቢሆን፣ ሰውነቱም እንደ እሳት ቢግል፣ ይህ ድካም ሳይሆን በሙቀት መመታት ነው። ላብ ስላለው ብቻ ደኅና ነው ማለት አይገባም። ወዲያው ወደ ጥላ አስገብቶ፣ ልብሱን አውልቆ፣ ውሃ እያፈሰሱና እያራገቡ ማቀዝቀዝና ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል፤ በዚህ ጊዜ ደቂቃዎች ሕይወት ናቸው። ከከባድ ሥራ በኋላ ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ የጠቆረበት ሰውም ጡንቻው ተጎድቶ ኩላሊቱን እያስቸገረ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይይ። ሳይሠሩ በዕረፍት ጊዜ የሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ ሌላ ምርመራ ይፈልጋል፤ የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ፣ ወይም አዘውትሮ የጠጣ ሰው አልኮል በድንገት ሲያቆም እንዲህ ይሆናል።

ሥራዬን ጨርሼ ባረፍሁበት ዕለት፤ ፀሐይ ስትቀዘቅዝ በመጀመሪያው ፕሬዚዳንት በሐሰን ጉሌድ ስም ወደሚጠራው ስታዲየም ሄድሁ። ይህች ትንሽ አገር በሩጫ ያላት ስም ትልቅ ነው። ሁሴን አሕመድ ሳላህ እ.ኤ.አ. በ1985 በሂሮሺማ የዓለም ማራቶን ዋንጫን በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ9 ሴኮንድ አሸንፎ፤ የጅቡቲ ቡድንም በዚያው ቀን የቡድኑን ድል ወስዷል። በ1988 በሮተርዳም የእኛው በላይነህ ዲንሳሞ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሲሰብር፤ በ17 ሴኮንድ ብቻ ተከትሎት የገባው ይኸው ሳላህ ነበር። የበላይነህ ሰዓት እስከ 1998 ድረስ ሳይሰበር ቆይቷል። በዚያው በ1988 ዓመት ሳላህ በሴኡል ኦሎምፒክ በማራቶን የነሐስ ሜዳልያ ተቀበለ። ሁለት ጎረቤታሞች ከዓለም ሁሉ ቀድመው በሆላንድ ጎዳና ላይ ሲሯሯጡ ማሰብ ደስ ያሰኛል።

እንዲህ ያሉት ሯጮች ጡንቻቸው እንደ ሌላው ሰው ከሥጋ የተሠራ ነው፤ ልምምዳቸው የሚያደርገው የድካሙን ሰዓት ማራቅ ነው። በጡንቻው ውስጥ ምግብን ወደ ኃይል የሚለውጡት ክፍሎች ይበዛሉ፣ ትንንሾቹ የደም ሥሮች ይጨምራሉ፣ ነርቮቹም ሥራውን ማከፋፈል ይለምዳሉ። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ጨርሶ፤ ሌሎቹ ገና በመንገድ ላይ ሳሉ በሣሩ ላይ ተኝቶ እግሩን ወደ ላይ እያነሣ ጂምናስቲክ ሲሠራ ሕዝቡ በመደነቅ ተመልክቶታል። ያ ድንቅ የተባለው ሰው ሁሉ ከዚያ ርቀት በኋላ የሚጠብቀው የሚብረከረክ ጉልበት ስለ ነበረ ነው።

በስታዲየሙ ግን ገና ያልጠነከሩ ልጆች ነበሩ የሚሮጡት። የመጨረሻውን ዙር በሙሉ ኃይላቸው ሮጠው ሲጨርሱ፤ አንዱ ሣሩ ላይ ተዘረረና ባቱ በቆዳው ሥር እንደ ዓሣ ሲላወስ ይታይ ጀመር። አሠልጣኙ አልተቆጣውም፤ እጁን ይዞ አስነሣውና አንድ ዙር ቀስ ብሎ እንዲራመድ አደረገው። ሌሎቹም ተከተሉት። ከአጥሩ ውጭ አንዲት ሴት ቅመም ያለበት ሻይ በወተት ትሸጥ ነበርና፤ ልጆቹ ዙሩን ሲጨርሱ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው እየያዙ ጠጡ።